ማተብ ያሰረ ሃይላንድ

እኛ አገር ባዶ ሃይላንድ የሚባል ነገር የለም። ውሃው ተጠጥቶ ባለቀ ማግስት ፕላስቲኩ ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል። ዘይት ይቀዳበታል፣ በረኪና ይቀመጥበታል፣ ነጭ ጋዝ ይገዛበታል፤ አረቄማ ከሃይላንድ ሌላ ማደሪያ ያለው አይመስልም። ከኛ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አንዱን አንስቶ ለመጠጣት የሚደፍር እንግዳ ቢኖር መጀመሪያ ማሽተት፣ ቀጥሎ መጠየቅ አለበት፤ ከሁሉም ቢቀርበት ይሻለዋል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስትፈርዱብኝ ትንሽ እንድታዝኑልኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልጠና ነው። መቼም ደመወዝተኛ ዝም ብሎ አይለወጥም፤ መሥሪያ ቤቱ ስልጠና ይልከዋል። ስለ ቤት ቆሻሻ አያያዝ ለሚሰጥ ስልጠና አንድ ሰው ላኩ ሲባል፣ በዚያ ሳምንት ሥራ ያልበዛበት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። አዳራሹ ከጣና ዳር ነው። አሰልጣኙ በየፊታችን የታሸገ ውሃ አስቀምጦልን ስለ ፕላስቲክ ክፋት እስከ ምሳ ሰዓት አስረዳን። ሰው ይሞታል፣ ልጁም ይሞታል፣ የጠጣበት ሃይላንድ ግን ሐይቁ ውስጥ ተኝቶ የልጅ ልጁን ይጠብቃል አለን። ለእረፍት ወጥቼ ወደ ዳርቻው ወረድ ብል፣ ደንገሉ ሥር ፌስታልና ሃይላንድ ተቃቅፈው ይንሳፈፋሉ። ጣናን በየቀኑ እያየሁት ነው የምኖረው፤ የዚያን ቀን ግን አፈርሁ። በእጄ የያዝሁትን ባዶ ጠርሙስ መጣል አቅቶኝ ይዤው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ቤታችን ደግሞ በዚያ ሰሞን ለለውጥ የሚመች አልነበረም። የባለቤቴ የእናኑ እናት፣ እማማ አንጓች፣ ከእንፍራንዝ መጥተው እኛ ዘንድ ተቀምጠዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ ጉልበታቸውም ዳገት መውጣት እምቢ ካለ ቆይቷል። እናኑ ጠቅልለው ከኛ ጋር እንዲኖሩ ትለምናቸዋለች፤ እሳቸው "እስቲ ልየው" ይላሉ። የሚያዩት ቤቱን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ እኔንም ነው። እናኑ እናቷ ባዶ ቤት ውስጥ ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስ መሬት ላይ ሲተኙ ይታያታል፤ ይህን ስታስብ ዓይኗ እንባ ይሞላል። እኔም እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። እንዲቀሩልን የፈለግሁት ለእናኑ ብዬ ብቻ አልነበረም።

ችግሩ፣ እማማ አንጓች ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ የሚጠሩኝ "አንቱ" እያሉ ነው። ለአማች የሚሰጥ ክብር ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ተከብሬ በራሴ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ "ይቅደሙ"፣ "የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ" እንባባላለን። ተከባብረን ሳንጨርስ እናኑ ገብታ ትቆልፍብናለች።

"እማዬ አንተን 'አንተ' ያለችህ ቀን ያን ጊዜ ቤቷ ገባች ማለት ነው" አለችኝ እናኑ። "እስከዚያ ድረስ እባክህ ምንም አዲስ ነገር እንዳትጀምር።"

እኔ ደግሞ ከስልጠና ተመልሻለሁ።

በረንዳው ላይ ሦስት ጆንያ ደረደርሁ። አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለጨርቃ ጨርቅና ለክር። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከጎመን መደባችን አጠገብ፣ ጉድጓድ ቆፈርሁ። ከዚያ እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከነገ ጀምሮ ማዳበሪያ ልሠራ ነው ብዬ ለቤተሰቡ አበሠርሁ። እማማ አንጓች ጉርሻቸውን ውጠው ከጨረሱ በኋላ፣ "በምን ሊሰፉት ነው?" አሉኝ።

እሳቸው አገር ማዳበሪያ የሚባለው ከረጢቱ ነው፣ እህል የሚገባበት። አፈር ላይ የሚበተነው መጥቶ አልቆ ይረሳል፤ ከረጢቱ ግን ከቤቱ አይጠፋም። አይ እማማ፣ አልሰፋውም፣ ከሽንኩርት ልጣጭና ከደረቀ ቅጠል ነው የምሠራው አልኋቸው። እማማ አንጓች ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይህ ሰው ሲያገባሽም እንዲህ ነበር ወይ የሚል አስተያየት ነበር። ከገበያ ሞልቶ ሳለ ምን አደከማቸው ብለው፣ ለእሷ ብቻ የሚሰማ በመሰላቸው ድምፅ ጠየቋት። እናኑ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ቀጥዬ ፌስታል ከለከልሁ። ሐይቅ ዳር አሳ ልገዛ ስሄድ የቢሮ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ሄድሁ። አሳ ሻጩ እየሳቀ ሞላልኝ፣ ባጃጅ ውስጥ የተሳፈሩትም አመሰገኑኝ፣ አሳውም ተጠብሶ ተበላ። ምሳ ዕቃዬ ግን አንድ ነው። ረቡዕ ዕለት ቢሮ ከፍቼ ሽሮዬን ልበላ ስል፣ ሽሮው በሩቁ አሳ አሳ ይላል። በጾም ቀን አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኔ ምሳ ዕቃ ዙሪያ እንደ አዲስ ተነሣ። ግማሹ ለኔ ነፍስ አዘነ፤ ግማሹ ደግሞ ማንኪያ ይዞ መጥቶ ሽሮ ብቻ መሆኑን ሲያይ ተቀየመኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ተሠርቷል ብዬ መማል አልችልም።

ይህ ሁሉ ከቤት ውጭ ስለሆነ ምንም አይደለም። የጎዳኝ ባልዲው ነው። ዕቃና ምስር የታጠበበት ውሃ ዝም ብሎ ከሚፈስ ሽንት ቤት ይለቀቅበት ብዬ በባልዲ ሞልቼ መታጠቢያ ቤት አስቀመጥሁት። ለሁሉም ተናግሬያለሁ፤ ለእማማ አንጓች ግን ስለ ሽንት ቤት ማውራት ነውር መስሎኝ ዘለልሁት። በማግስቱ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበውበት ወጡ። ቅንድባቸው ላይ አንዲት የምስር ፍሬ ተለጥፋለች። እኔ ምስሯን እያየሁ፣ አክብሬያቸው እጅ ነሣሁ።

"የዚህ ከተማ ውሃ ወፈር ይላል" አሉ። እማማ አንጓች ሲቆጡ አይጮሁም፤ ልብስ ያጣጥፋሉ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ልብሳቸውን አጣጥፈው ጨረሱ። ከዚያም ለጉልበቴ ዘጌ ተሻግሬ ጠበል ላምጣ፣ ጠበሉን ጠጥቼ ስጨርስ አገሬ እገባለሁ ብለው ለእናኑ ቁርጡን ነገሯት።

እናኑ በጀልባ ዘጌ ይዛቸው ሄደች። ከገዳሙ ጠበል በሃይላንድ ሞልተው ተመለሱ፤ በየማለዳው በባዶ ሆድ ትንሽ ትንሽ እየተጠጣ፣ ጉልበትም ይታበስበታል። እኔ ጠርሙሱን አይቼው አላውቅም፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ከራስጌያቸው ነው የሚቀመጠው። እናኑ ግን የእናቷ መሄጃ ሰዓት ቆጣሪ እሱ መሆኑን ስለምታውቅ፣ ቶሎ እንዳያልቅ ከቤቱ ሲኒ ሁሉ ትንሿን መርጣ ነበር የምትቀዳላቸው። ጠበሉ ጎደል ባለ ቁጥር ፊቷ አብሮት ይጎድላል። እኔም ለማጽናናት ያህል፣ ገና ብዙ ይቀራል፣ እስከዚያ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ እላታለሁ።

በዚህ መካከል የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ሱቅ የፕላስቲክ ጆንያዬን ሞላልኝ። እትዬ ዘይነባ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ በሱቃቸው የሌለ ነገር የለም፣ የማያውቁት ወሬም የለም። ደጃቸው የተከመረውን ባዶ ሃይላንድ ሁሉ ሰጡኝና ምን ልታደርገው ነው አሉኝ። አስረዳኋቸው፦ ክዳኑ በጋለ ምስማር ይበሳል፣ ውሃ ተሞልቶ ከጎመኑ ሥር በአፉ ይተከላል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ ጠብታም አይባክን። ሐሳቡን ወደዱት።

"ብቻ ከመትከልህ በፊት አሽትት" አሉኝ። "ከሃይላንድ ያለ ሁሉ ውሃ አይደለም።"

ምክራቸውን በሚገባ ሰማሁ። የጠፋሁትም ምክራቸውን በመስማቴ ነው።

እሑድ ጠዋት እናኑና እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ምስማር አግዬ ክዳኖቹን በስቼ ጨረስሁ፤ ቧንቧውን ብከፍተው ውሃ የለም። ባሕር ዳር እንዲህ ነው፤ ሐይቁ አጠገብህ ተኝቶ ቧንቧህ ይደርቃል። ለዛሬ ለሙከራ አንዷን እንኳ ልትከል ብዬ ማድ ቤት ገባሁና በመደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ማሽተት ጀመርሁ። ዘይት። በረኪና። አረቄ፤ እርግጠኛ ለመሆን ይህኛውን ደጋግሜ አሸተትሁት። ከዳር አንድ፣ ምንም የማይሸት፣ ጥርት ያለ ውሃ የያዘ ተቀምጧል። ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። ሳይጠጣ የቆመ ውሃ፤ አሰልጣኙ ብክነት ይሉታል ያለው እንዲህ ያለውን ነው።

አንገቱ ላይ ሰማያዊ ክር ታስሯል።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በዚህ አገር አንገቱ ላይ ሰማያዊ ክር የታሰረበት ነገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ? ሕፃን ያውቃል። እኔም አንገቴ ላይ አለ። ግን የሰለጠነ ሰው ዓይን ሌላ ነው፤ የሚያየውን ሁሉ ወደየጆንያው ይመድባል። ክር የጨርቃ ጨርቅ ወገን ነው ብዬ በጥንቃቄ ፈትቼ ሦስተኛው ጆንያ ውስጥ ጨመርሁት። ከዚያ የተበሳውን ክዳን ገጥሜ፣ ከሁሉ ካማረው ጎመን ሥር ተከልሁት። ውሃው ቁልቁል ሲወርድ ደስ የሚል ድምፅ አለው። ተቀምጬ አዳመጥሁት።

ቅዳሴ አልቆ መጡ። እማማ አንጓች ምንም አልቀመሱም፤ በቀጥታ ወደ ማድ ቤቱ አለፉ። ክፍላቸው የጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት፣ ጠበሉ እንዳይሞቅ ማልደው ወደ መደርደሪያው አዛውረውት ነበር ለካ። ከሌላው እንዳይምታታ ደግሞ ማተብ አስረውለታል።

"ከዚህ ላይ ማተብ ያሰርሁበት ሃይላንድ ነበረ" አሉ።

እናኑ ወደ እኔ ዞረች። "የት አለ?"

"ጎመኑ ጋ" አልሁ።

"ጎመኑ ጋ ምን ያደርጋል?"

"ይንጠባጠባል።"

ሦስታችንም ወጣን። ጠርሙሱ ባዶውን ተዘቅዝቆ ቆሟል፣ መሬቱ እርጥብ ነው። እናኑ ግድግዳውን ደገፍ ብላ አለቀሰች፤ ድምፅ የላትም፣ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር፤ መሬቷ ግን ጠበሉን ጠጥታ እኔን አልፈለገችም። ነገ በመጀመሪያው ጀልባ ዘጌ ሄጄ አመጣለሁ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ አልሁ። እማማ አንጓች መደቡ ዳር ቆመው ጫማቸውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው ቀስ ብለው ገብተው የረጠበውን አፈር በጣታቸው ነክተው ጉልበታቸውን አሻሹ።

"የለም፣ አይሂዱ" አሉኝ። "የተሰጠኝ ያ ነበር። እኔ ሳልጠጣው ምድር ቀደመኝ። እንግዲህ አለቀ፤ ቅዳሜ መኪና እይዛለሁ።"

ከዚያ ግን ወደ ቤት አልገቡም። እዚህ ውሻ ይመጣል ወይ አሉ። አልፎ አልፎ አልሁ። ከዛሬ ጀምሮ አይመጣም አሉ። ጫማ ያደረገ ሰው መደቡን እንዳይረግጥ፣ የዕቃ እጣቢ እንዳይደፋበት፣ ዙሪያውን እንዳጥር አዘዙኝ። ስታዘዝ ዋልሁ።

እትዬ ዘይነባ ወሬው ደርሷቸው ሊያጽናኑ መጡ። የሚያጽናኑት እማማ አንጓችን ነው፤ እኔን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምን ብለው ነገሩን አቀለሉት መሰላችሁ። እነሱም ቤት ከመካ የዘምዘም ጠበል የመጣላቸው በሃይላንድ ነበር። ባላቸው ውሃ መስሏቸው የጭነት መኪናው ራዲያተር ውስጥ ገለበጡት።

"እኔም እንደ እርስዎ አዝኜ ነበር" አሉ። "ግን እማማ፣ ያ መኪና ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም።"

እማማ አንጓች ሳቁ። እኛ ቤት ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ሴቶች ስለ ባሎችና ስለ ጠርሙሶች ረዘም ላለ ጊዜ ተጫወቱ። እኔ አጥሩን እያጠርሁ ብዙውን ሰማሁ፤ ስለ ራሴ የተባለውን ልተወው።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ጎመን ሆነ። ጠበሉን የጠጣው ጎመኑ ከሆነ የምንበላውም እንደ ጠበሉ ነው ተባለ፤ በባዶ ሆድ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀመስ። በማለዳ ጎመን በልታችሁ ቢሮ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ይለመዳል። ዋናው ነገር ግን የተረፈው ነው። እናኑ ግንዱን ቆሻሻ ላይ ልትጥል ስትል እማማ አንጓች እጇን ያዟት። ጠበል የጠጣ ነገር ከቆሻሻ አይጣልም፣ ከወጣበት ይመለስ አሉ። ግንዱ ወደ ጉድጓዴ ሄደ። ጎመኑ የተቀቀለበት ውሃ ተከተለ። አብሮት የተከተፈው ሽንኩርት ልጣጩ፣ የሣህኑ ልቅላቂ ሳይቀር፣ ጎመኑን የነካ ሁሉ ተራ በተራ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላ ይይዙ የነበሩት ሴት፣ አሁን ልጣጩን በሁለት እጃቸው እያስቀመጡ አፈር ይመልሱበታል። በየቀኑ ለዚያ ጎመን ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ። ጉልበታቸው ድኗል አልልም፤ ስለ ጉልበታቸው ማውራታቸውን ግን አቆሙ። ዓርብ ዕለት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው የምንሰጣቸው ስላጡ፣ መንገድ ልትሄዱ ነው ወይ ብለው ጠየቁን። እናኑ፣ እናቴ ናት የምትሄደው አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። መናኸሪያ ልሸኛቸው ባለ ክር የቢሮ ጫማዬን አድርጌ፣ ባጃጅ ጠርቼ ደጅ አቁሜያለሁ። እናኑ የመንገድ ስንቅ እየቋጠረች ፊቷን ታዞራለች። ይሄን ሁሉ ያመጣው የኔ ነገር ነው። እማማ አንጓች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከወጡ በኋላ፣ "እስቲ ጎመኑን አይቼው ልሂድ" አሉ።

ተከተልናቸው። የእትዬ ዘይነባ ቀይ ዶሮ ባጠርሁት አጥር ሥር ሾልካ ገብታ መደቡ መሐል ቆማለች። የረጠበውን አፈር ትጭራለች፣ ያማረውን ጎመን ትቦጫጭቃለች። እማማ አንጓች አዩዋት። ከዚያ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ገና ሳልሄድ እንዲህ ከሆነ፣ ስሄድ ማን ሊጠብቀው ነው?" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ፣ ቆመህ ታያለህ እንዴ? አባርራት እንጂ።"

እናኑ ቦርሳውን ከመሬት አንስታ ወደ ቤት ይዛው ገባች። ደጅ የቆመው ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፤ ማንም አልሰማውም። እኔ ሮጬ መደቡ ዳር ስደርስ፣ "ጫማህን" አሉኝ ከኋላዬ። ተንበርክኬ ክሩን መፍታት ጀመርሁ። ዶሮዋ ሁለተኛውን ቅጠል ጀመረች።

"አንተ፣ ፈጠን በል" አሉ።

ክሩ በአንድ ስበት የሚፈታ ነበር። እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የፈታሁት፤ ደግመው እንዲሉኝ።